ከቀጠሮው ቀድመው የመጡት ሰውዬ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ያደግኩት ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ነው፣ እናቴ ጴንጤ ናት፣ በር በነፋስ ቢንኳኳ እንኳ "በኢየሱስ ስም" ሳትል አትከፍትም፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ነፋሱ በየት እንደገባ ነበር የምፈልገው። ጎረቤት "ድምፅ ሰማሁ" ሲል ቆርቆሮው ነው እላለሁ፣ "ሰው አየሁ" ሲል መነጽርህን አስቀይር እላለሁ፣ በዚህ የተነሳ ሰፈር ውስጥ "ያቺ ደረቅ" ነው የምባለው። ሥራዬም ይህንኑ ጠባዬን አባብሶታል፣ እንጀራዬ ያየሁትንና የቀዳሁትን ብቻ መጻፍ ነውና። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ላለማመን የቻልኩትን ሁሉ ሞክሬያለሁ፣ እመኑኝ።

ሥራዬ ምን መሰላችሁ፣ ሰው ዌብሳይት ፊት አስቀምጬ የት ላይ ግራ እንደሚገባው ማየት ነው። ኮልፌ ውስጥ ያለ አንድ የቆየ ቤተ መጻሕፍት፣ ስሙን ልተወው፣ ባለፈው ዓመት የድሮ መዝገቡን እንዳለ ያስገባበት ዌብሳይት አሠርቶ ነበር፣ አንባቢ ከቤቱ ሆኖ መጽሐፍ እንዲፈልግበት፣ የካርድ ቁጥሩን አስገብቶ በእጁ ያሉትን መጻሕፍት እንዲያይበት፣ ግን የሚከፍተው ሰው ጠፋ። ለምን እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት አቅጂ ተብዬ ተላክሁ። እቅዱ ከባድ አይመስልም፣ እነማንን እንጋብዝ፣ ምን እንዲሠሩ እንስጣቸው፣ የት እናስቀምጣቸው፣ ይኸው ነው። ከአለቃዬ ጋር ያጣላን ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። እሱ አምስት ተማሪ አምጥተሽ በሁለት ቀን ጨርሺው አለኝ፣ እኔ ደግሞ ንባብ ክፍሉ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ ማን እንደሚመጣ አይቼ ነበር፣ ጡረተኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ታክሲውን አቁሞ ጋዜጣ የሚያነበው ሹፌር። እነሱ ያልገባቸውን ተማሪ እንዴት አድርጎ ይነግረናል ብዬ ድርቅ አልኩ። በመጨረሻ በአንድ ሽማግሌ ሙከራ አድርጊ፣ ካልሆነ በተማሪዎቹ እንቀጥላለን ተባባልን።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው፣ ፀጉራቸው ሳይሸብት ገብተው እዚያው ያረጁ፣ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ በመነጽራቸው በላይ አየት አድርገው ዝም የሚያሰኙ ሴት። ዌብሳይቱን አይወዱትም ነበር፣ እሱ ከሠራ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ያለበት የካርድ ሳጥን ይወጣል፣ እኔም አብሬው እወጣለሁ እያሉ ይቀልዳሉ፣ ቀልዱ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይመስልም። ያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ ይካተቱ ስላልኩ ደስ አላቸው፣ ከድሮው መዝገብ ላይ የነባር አንባቢዎችን ስምና ስልክ በእጃቸው ገልብጠው ሰጡኝ። ለሙከራው የመረጥነው ከዝርዝሩ አንደኛ የነበሩትን አቶ ደሳለኝን ነው።

ወደ ዋናው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በዚህ ሥራ ብርቱ ሕግ አለ፣ አለመርዳት። የተቀመጠው ሰው ግራ ቢገባው፣ ቢያልበው፣ ቢለምንሽ እንኳ አታሳዪውም፣ ቤቱ ሆኖ ሲጠቀም አንቺ አጠገቡ የለሽማ። "ይሄ የት ነው?" ብሎ ከጠየቀሽ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ "እኔ እዚህ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?" ትያለሽ፣ ከዚያ ዝም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለአዳዲስ ሠራተኞች ሳይቀር ያስጠናሁ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ደመና የሚባል የለም። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራና ተነሳ፣ መጀመሪያ የሰማሁት ሰው ሳይሆን ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዓይነት ዶፍ። ሰውየው ክፍለ ሀገር ሄደው ይሆናል አልኩና፣ ጋሼ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ነው የምደውልልዎት አልኳቸው። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

"ከቤተ መጻሕፍቱ?" አሉ። "በመጨረሻ ደወላችሁ።"

ቅሬታ አልነበረበትም፣ እንደ እፎይታ ነው የሰማሁት። ስለ ሙከራው አስረዳኋቸው፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት አልኳቸው፣ ማስጠበቅ ስለማልወድ ቀደም ብዬ እመጣለሁ ልጄ ብለው ዘጉ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፣ የደወልኩላቸውን ሰው ስም ወረቀቱ ላይ እያየሁ ምን ብዬ ልጠይቅ።

ሐሙስ ዕለት የሰጡኝ ክፍል ድሮ ጋዜጣ የሚከማችበት፣ አንድ በር ብቻ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። አንዱን ግድግዳ ያ የካርድ ሳጥን ሸፍኖታል፣ በሌላው በኩል ወደ ግቢው የምታሳይ መስኮት አለች። ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ማውሱን ሰካሁ፣ ድምፅና ስክሪን የሚቀዳውን ፕሮግራም አስነሳሁ፣ ውሃ አስቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ዘወር ስል ሰውየው በሩ ላይ ቆመዋል። ልብ በሉ፣ የዚያ ቤት ኮሪደር ወለሉ ጣውላ ነው፣ ድመት ብትሄድበት ይንቋቋል፣ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም፣ አለመስማቴም ትዝ ያለኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰባውን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ቡናማ ካፖርት ለብሰዋል፣ ትከሻቸውና ባርኔጣቸው በውሃ ጠቁሯል። ወደ መስኮቷ አየሁ፣ ፀሐይ ነው። መንገድ ላይ ካለው ላቫጆ ተረጭተው ይሆናል ብዬ አሰብኩ፣ ካፖርቱን ያውልቁት ስላቸው ለምጄዋለሁ አሉና ተቀመጡ። ክፍሉ እርጥብ ሱፍ ሱፍ ሸተተኝ።

የስምምነት ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ያንን ወረቀት ማንም አያነበውም፣ ሁሉም የት ልፈርም ነው የሚለው፣ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ፈረሙ። የሚያስቡትን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ነገርኳቸው። ብቻዬን ማውራት አይከብደኝም ብለው ፈገግ አሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ማግኘት ነበር፣ አገኙት። ሁለተኛው ከሙያቸው ጋር የሚገናኝ መጽሐፍ መፈለግ ነው፣ በአንድ ጣት እየፈለጉ "ሬዲዮ ጥገና" ብለው ጻፉ። ቁልፎቹን ሲነኩ አየሁ፣ ፊደሎቹም ስክሪኑ ላይ ወጡ፣ ድምፅ ግን አልነበረም፣ እጃቸው ቀላል ነው አልኩ በልቤ። ከወንበራቸው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ነው የሚሰማው። ዌብሳይቱ ምንም አላገኘም። "አንድ ብቻ ነበረች" አሉ ለራሳቸው፣ ቅር ሳይላቸው።

ሦስተኛው በካርድ ቁጥር ገብቶ በእጅ ያሉትን መጻሕፍት ማየት ነው፣ ለዚህ የሐሰት ቁጥር አዘጋጅቼ ነበር፣ እሳቸው ግን አላዩትም፣ ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን ካርድ አወጡ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ወደ ቢጫ ያደላ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገቡ። ገጹ ተከፈተ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ፣ አጠገቡም በቀይ "አልተመለሰም" ይላል። ከዚያ ማውሱን ይዘው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሄዱ፣ እያንዳንዱን ነገር እየነኩ፣ እየተመለሱ፣ እንደገና እየነኩ። በሥራዬ ብዙ ሰው ሲጠፋበት አይቻለሁ፣ ይናደዳሉ፣ ይስቃሉ፣ እኔ ደደብ ነኝ ይላሉ፣ እሳቸው ግን ጨለማ ቤት ውስጥ በር እንደሚዳብስ ሰው ነበሩ።

"እኔ እኮ መልሼዋለሁ" አሉ። "በዚያች መስኮት በኩል ነው የሰጠሁት።" በእጃቸው ያሳዩኝ ወደ ካርድ ሳጥኑ ነው፣ እዚያ ምንም መስኮት የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ 'መልሻለሁ' የሚባልበት ቦታ የት ነው?"

እንደዚያ ያለ ቦታ ዌብሳይቱ ላይ አልነበረም። ይህን አውቃለሁ። ይህን ብነግራቸው ኖሮ ምን እጎዳ ነበር፣ ግን አፌ የለመደውን ተናገረ።

"እኔ እዚህ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?"

አሰቡበት። ጥያቄውን እንደ እውነተኛ ጥያቄ ነው የወሰዱት።

"አንቺ ባትኖሪ" አሉ፣ "እጠብቅ ነበር።"

ጻፍኩት። ደስም ብሎኝ ነበር፣ እንዲህ ያለ ጉድለት ማግኘት ለእኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው፣ ለአለቃዬም ማስረጃ ይሆነኛል። ቀና ስል ግን ፊታቸውን አየሁና አፈርኩ፣ ጋሼ ይበቃል፣ ጨርሰናል፣ ወይዘሮ ብርቄን ልጥራልዎት፣ እሳቸው ያስተካክሉታል ብያቸው ቀረጻውን ሳላቆም በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ኮሪደሩ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ወይዘሮ ብርቄ ጠረጴዛቸው ጋ ቆመው ከአንድ ከዘራ ከያዙ ወፍራም ሰውዬ ጋር ያወራሉ። አየት አድርገውኝ፣ አቶ ደሳለኝ ይኸውና፣ ትናንት ጋዜጣ ሊያነብ ሲመጣ ነግሬው ነበር፣ በሰዓቱ ደረሰ አሉኝ። ሰውየው ጨበጡኝ። እጃቸው ይሞቃል። ስልክ አልደወልኩልዎትም እንዴ ስላቸው ማንም አልደወለልኝም አሉ።

ሦስታችንም ወደ ክፍሉ ተመለስን። ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ ክፍል መውጫው እኛ የቆምንበት ኮሪደር ብቻ ነው፣ መስኮቷ ደግሞ ሰው የማያሳልፍ የብረት ፍርግርግ አላት። ወንበሩ ርሷል፣ ሥሩ ውሃ ኩሬ ሠርቷል፣ ከኩሬው እስከ በሩ ግን አንድ ጠብታ የለም። ወይዘሮ ብርቄ ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል ብለው ቀና አሉ፣ ጣሪያው ደረቅ ነው። የስምምነት ወረቀቱን አነሳሁ፣ ፊርማ የለበትም፣ በጣቴ ስዳብሰው ግን ብዕር የተጫነው ጉድጓድ አለ።

ስክሪኑ እንደተከፈተ ነበር። ወይዘሮ ብርቄ መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ የተጻፈውን፣ እኔ ልብ ያላልኩትን ስም አነበቡ። ከዚያ እዚያው እርጥቡ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እርጥብ መሆኑንም ያወቁ አይመስለኝም።

"ሽብሩ" አሉ። "ሬዲዮ ጠጋኙ። ሰባት ዓመት ሆነው እኮ ከሞተ።"

የነገሩን ይህን ነው። አቶ ሽብሩ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑ፣ ቃላቸው የታመነ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ብቻ የነበረችውን የሬዲዮ ጥገና መጽሐፍ ደጋግመው ይዋሳሉ። አንድ ቀን መጽሐፏ ጠፋች። እሳቸው መልሻለሁ አሉ፣ ወይዘሮ ብርቄ አልመለስክም አሉ፣ ንባብ ክፍሉ ሙሉ ሰው እየሰማ። ሌባ አላልኩትም፣ ግን ከዚያ የማይሻል ነገር ነው የተናገርኩት አሉን ወይዘሮ ብርቄ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም፣ በዓመቱ ክረምት ላይ ደረታቸውን ታመው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ለመገኘት አፍሬ ቀረሁ አሉ።

መዝገቡን አወጣን። የአቶ ሽብሩ ስም ከአቶ ደሳለኝ በላይ ነው የተጻፈው፣ ወይዘሮ ብርቄ ሲገለብጡ ዓይናቸው አንድ መስመር ዘሏል፣ የሰጡኝ ስልክ የሟቹ ነው። ያን ቁጥር እዚያው ቆሜ ደወልኩለት፣ አገልግሎት ላይ እንደማይውል የቴሌዋ ሴትዮ ድምፅ ነገረኝ።

አቶ ሽብሩ መስኮት ያሉትን ነገር የነገርኳቸው ያኔ ነው። ወይዘሮ ብርቄ ወደ ሳጥኑ ዞረው ትኩር ብለው አዩት፣ ቀለማቸው ተለወጠ። ድሮ ያ ክፍል ተመላሽ መጻሕፍት መቀበያ ነበር ለካ፣ በኮሪደሩ በኩል ትንሽ መስኮት ነበረችው፣ መጽሐፏ በጠፋችበት ዓመት ነው ተደፍና ሳጥኑ የቆመባት። ጥበቃውን ጠርተን፣ አቶ ደሳለኝም ከዘራቸውን አስቀምጠው አግዘውን፣ ሳጥኑን ገፋነው። የተደፈነችው መስኮት ሥር የጣውላ መደርደሪያ አለ፣ በመደርደሪያውና በግድግዳው መሃል ክፍተት፣ በክፍተቱ ውስጥ ደግሞ መጽሐፏ ቁልቁል ወድቃ ቆማለች። አቧራዋን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወይዘሮ ብርቄ አለቀሱ፣ ድምፅ አውጥተው አይደለም፣ እሳቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ድምፅ አያወጡም።

በዚያ ሳምንት ቅጂውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ስክሪኑ ላይ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ የካርድ ቁጥሩ አንድ በአንድ ይጻፋል። ድምፁ ግን የእኔ ብቻ ነው፣ እጠይቃለሁ፣ ዝምታ፣ "እሺ ጋሼ" እላለሁ፣ ዝምታ። አለቃዬ ራስሽ እየጻፍሽ ቀልደሽ ነው አለኝ፣ የሰባት ዓመት ሟች ካርድ ቁጥር ከየት አምጥቼ እንደምጽፍ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ያም ሆነ ይህ ከዚያ በኋላ ስለ ተማሪዎቹ አላነሳብኝም።

ወይዘሮ ብርቄ የሽብሩን ቤተሰብ ሳላገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉ። ሬዲዮ ቤቱ ዛሬ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል፣ የሱቁ ባለቤት፣ አቶ ሽብሩ ሲስተር ጸዳለ የሚሏት ልጅ አለቻቸው፣ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት አለን። ከአየር ጤና በታክሲ ሄድን። በምሳ ሰዓቷ ወጣችልን፣ አርባ የሚሆናት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ አባቷን ነው የምትመስለው። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወይዘሮ ብርቄ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም።

"አባትሽ መጽሐፉን መልሶ ነበር" አሏት። "ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። በሰው ፊት አዋረድኩት። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

ሲስተር ጸዳለ እጃቸውን ያዘች። አባቴ አላዘነብዎትም፣ ብቻ ነገሩ ሳይጣራ መቅረቱ ነበር የሚከነክነው አለች። እኔ ያየሁትን ለመናገር ፈርቼ ነበር፣ ሐዘንተኛ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይወራም፣ ግን ወይዘሮ ብርቄ ጎሸም አደረጉኝና እየተንተባተብኩ ነገርኳት፣ ስልኩን፣ ካፖርቱን፣ ሁሉን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ፣ አባቴ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ አልጋው ላይ ቀና ብሎ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ፣ ለሐሙስ ቀጥራኛለች፣ ካፖርቴን አምጪልኝ ይለኝ ነበር አለች። ትኩሳቱ ነው ብለው ነበር ሁሉም፣ ስልኩ እኮ የእሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ከዚያ እናንተ ጋ ሲመጣ ያመው ነበር ወይ፣ ያስለው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዳላሳላቸው፣ ብቻ ትንሽ እንደደከማቸው ነገርኳት፣ ደስ አላት። ቅጂውን ማየት እንደምትፈልግ ስትነግረኝ የእሳቸው ድምፅ እንደሌለበት፣ የምትሰማው እኔን ብቻ እንደሆነ አስጠነቀቅኳት። ግድ የለም አለች። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጌ ኤርፎኑን ሰጠኋት።

እስከ መጨረሻው ሰማችው። እኔ የእሷን ፊት ነበር የማየው። ዝምታ ነው ባልኳችሁ ቦታ ሁሉ ራሷን ትነቀንቅ ነበር፣ አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አለች፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በጉራግኛ የሆነ ነገር መለሰች፣ ሰው ለተናገረው ነገር እንደሚመለሰው፣ ቶሎ፣ ሳያስቡ። እኔ ክፍሉን ለቅቄ የወጣሁበት ቦታ ሲደርስ ቀረጻው አላለቀም፣ ባዶ ክፍል ነው፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ። እዚያ ላይ ፈገግታዋ ጠፋ። ሲያልቅ ኤርፎኑን አውጥታ ጥቂት ያዘችው።

ድምፁን ረስቼው ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ አለችኝ። ከዚያ፣ "መጨረሻ ላይ ለአንቺ ያለውንስ?" አለች።

ምንም አልሰማሁም አልኳት። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት፣ ሁለት ጊዜ። ወይዘሮ ብርቄን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ሕመምተኛ እንደምታይ አድርጋ፣ በርኅራኄ።

"ካልሰማሽው" አለች ቀስ ብላ፣ "እንግዲያው ገና ነው ማለት ነው።"

የምሳ ሰዓቷ አልቆ ነበር፣ ሁለታችንንም ስማን ወደ ሥራዋ ገባች።

ጥናቱ አለቀ፣ ሽማግሌዎቹም ተካተቱበት፣ ዌብሳይቱ ላይ ዛሬ "መጽሐፉን መልሻለሁ የሚሉ ከሆነ እዚህ ይንገሩን" የሚል ቦታ አለ፣ ወይዘሮ ብርቄም በየቀኑ ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነው። እኔም ግራ የገባው ሰው ሲጠይቀኝ አሁን እመልሳለሁ፣ ሕጉ እንደፈለገ ይሁን።

ያቺን የሁለት ደቂቃ ቅጂ ግን አላጠፋኋትም። መጀመሪያ ሰሞን በየታክሲው ላይ፣ ቤት ስገባ፣ ድምፁን ጨምሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማት ነበር፣ ምንም የለም፣ ባዶ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ሳዳምጣት ግን፣ ሰው ለመናገር ሲል መጀመሪያ የሚስበውን ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። ሲስተር ጸዳለ "ገና ነው" ያለችው ትዝ አለኝና ኤርፎኑን አወለቅኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አልከፈትኳትም።